ከቀበሌው አዳራሽ እስከ ፒዮሪያ ስትሪት

ፒዮሪያ ስትሪት ሁለት ከተሞች የሚጋሩት ረጅም ጎዳና ነው። ሰሜናዊው ክፍሉ በዴንቨር ግዛት ውስጥ ሲሆን የሞንትቤሎን ሰፈር በስተምዕራብ ያዋስናል፤ ኢንተርስቴት 70ን ተሻግሮ፣ በስሙ የተጠራውን የባቡር ጣቢያ አልፎ ወደ ደቡብ ሲወርድ አውሮራ ይገባል። ቀድሞ የፊትስሲመንስ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል የነበረውን፣ ዛሬ ታላቅ የሕክምና መንደር የሆነውን ግቢ በስተምሥራቅ ትቶ ኮልፋክስን ያቋርጣል። (ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር እ.ኤ.አ. በ1955 ልባቸው በታመመ ጊዜ የታከሙት በዚሁ ግቢ ነበር።) በዚህ ጎዳናና በአካባቢው ከሚኖረው፣ ታክሲ ከሚነዳው፣ በሆስፒታሉ ከሚያጸዳውና ከሚያስታምመው፣ በአውሮፕላን ማረፊያው ከሚሠራው ሕዝብ መካከል ወገናችን ቁጥሩ ቀላል አይደለም።

ይህ ወገናችን ጎዳናውን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲመላለስበት ከአንዱ ምክር ቤት ሥልጣን ወጥቶ ወደ ሌላው እንደሚገባ ልብ አይለውም። የከፋፈለው መስመር ግን ኪሱ ድረስ ይዘልቃል። የዴንቨር ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 የራሱን ዝቅተኛ የሰዓት ደመወዝ ደነገገ፤ አውሮራ እንዲህ ያለ ድንጋጌ ስላልነበራት በክፍለ ግዛቱ ወለል ቀረች። በ2025 በዴንቨር በኩል ለሚሠራ ሰው ሕጉ ያስቀመጠው ወለል በሰዓት 18 ዶላር ከ81 ሳንቲም ሲሆን፣ በአውሮራ በኩል 14 ዶላር ከ81 ሳንቲም ነበር። ልዩነቱ በሰዓት አራት ዶላር፣ አርባ ሰዓት ለሚሠራ ሰው በሳምንት 160 ዶላር ነው። ይህን የወሰነው በዋሽንግተን የተቀመጠ ባለሥልጣን አይደለም። ስብሰባው ለማንም ክፍት የሆነ የሰፈር ምክር ቤት ነው። ለመሆኑ ከእኛ መካከል ስንቱ በዚያ አዳራሽ ተገኝቶ ያውቃል?

ስለ አገር ቤት ፖለቲካ ሲሆን ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር ሕዝብ፣ ቤቱ ደጃፍ ላይ ያለውን ምክር ቤት ለምን ይሸሻል? ሥራ ይበዛል፣ እንግሊዝኛው ያስቸግራል፣ ዜግነት ገና አልተገኘም የሚሉት መልሶች ሁሉ እውነትነት አላቸው። ነገር ግን ሥረ መሠረቱ ከዚያ ጠለቅ ያለ ይመስለናል። «የከተማ ምክር ቤት» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ ታሪክ የተሸከመ ቃል ነው፤ ታሪኩም የሚያኮራ አይደለም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤትና ከንቲባ አገኘች። ከጣሊያን ወረራ በኋላ፣ በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ የከተሞችን አመራር ከመደበ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1945 የወጣው አዋጅ ቁጥር 74 አዲስ አበባንና ጎንደርን በማዘጋጃ ቤትነት ለይቶ ሌሎቹን ከተሞች በበታች ደረጃ አስቀመጠ። በሕጉ ላይ ምክር ቤት ነበረ፤ ምርጫም ነበረ። ይሁን እንጂ ከንቲባውን የሚሾመው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ፤ የመምረጥና የመመረጥ መብቱም ከመሬትና ከቤት ባለቤትነት ጋር የተቆራኘ ነበር። ከአዲስ አበባ ነዋሪ አብዛኛው በሌላ ሰው መሬት ላይ ኪራይ እየከፈለ የሚኖር ጭሰኛ በሆነበት ዘመን፣ ይህ ማለት ከተማዪቱ የባለ ርስቶች ጉዳይ ነበረች ማለት ነው። ተራው ሕዝብ የራሱን ምክር የሚመክረው በዕድሩ ነበር። ዕድሩ ዳኛ ይመርጣል፣ ጸሐፊ ይሾማል፣ መዝገብ ይይዛል፣ ያጠፋን ይቀጣል። የራስን ጉዳይ በራስ የማስተዳደርን ልማድ ከውጭ አገር መዋስ የሚያሻው ሕዝብ አልነበረም፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግን ይህን ልማድ በበሩ አላስገባውም።

አብዮቱ መጣ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን አቋቋመ። ነገሩን ያለ ቂም የሚመረምር ሰው፣ ቀበሌ በወረቀት ላይ ሲታይ እስከ ዛሬ ድረስ በኢትዮጵያ ከታሰቡት የከተማ አስተዳደሮች ሁሉ ለሕዝብ የቀረበው እንደ ነበር መካድ አይችልም። ኪራያቸው ከመቶ ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ቀበሌው ራሱ እንዲያስተዳድር፣ ነዋሪው መሪዎቹን በጠቅላላ ጉባኤ እንዲመርጥ፣ ትንንሹን ክርክር የሚዳኝ የራሱ ፍርድ ሸንጎ እንዲኖረው ተደነገገ። ቤት የሌለው ጭሰኛ በአንድ ጀምበር መራጭ ሆነ።

ዕድሜው ግን አጭር ነበር። በ1969 ዓ.ም. መግቢያ የወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ቀበሌዎችን በአብዮት ጥበቃ ጓድ አስታጠቀ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የአዲስ አበባ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ነጭና ቀይ ሽብር የወለዱትን እልቂት በየቤቱ ይቆጥረዋል። የነዋሪዎች መሰብሰቢያ ተብሎ የተሠራው አዳራሽ እስር ቤት ሆነ፤ ስም የሚጠራበት መዝገብ የአሰሳ መዝገብ ሆነ። ከሽብሩም በኋላ ቀበሌ የመታወቂያ፣ የስኳር፣ የኪራይና የብሔራዊ ውትድርና ደጃፍ ሆኖ ቀረ። ስብሰባ የማይቀርበት ግዴታ ነበር፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል፤ የተናገረም ሰው ንግግሩ ይያዛል። ስለዚህ ብልህ የሚባለው ሰው ተገኝቶ ዝም የሚል፣ እጅ አውጡ ሲባል የሚያወጣ ነበር።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት ቤት ተምሮ የወጣ ትውልድ ነው ዛሬ በፒዮሪያ ስትሪት አፓርታማ የፖስታ ሣጥኑን ከፍቶ «የነዋሪዎች ስብሰባ» የሚል ወረቀት የሚያገኘው። ወረቀቱን ሳያነብ ቢጥለው ሊፈረድበት አይገባም። በእርሱ መዝገበ ቃላት ስብሰባ የሚጠራ መንግሥት ደግ አስቦ አይጠራም።

ኢሕአዴግ ከደርግ የቀበሌውን አዳራሽም ልማዱንም ወረሰ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 49 ለአዲስ አበባ ነዋሪዎች ራስን በራስ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን ሰጠ፤ ቻርተሮችም ተከታትለው ወጡ። ሕዝቡ ይህን መብት በእውነት ሊጠቀምበት የተነሣው ግን ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። በዚያን ቀን የአዲስ አበባ ሕዝብ ጎሕ ሳይቀድ ተሰልፎ ከ138 የከተማው ምክር ቤት መቀመጫዎች 137ቱን ለቅንጅት ሰጠ። በኢትዮጵያ ታሪክ የአንድ ከተማ ነዋሪ በድምፁ ገዢውን ፓርቲ ከከተማው አስተዳደር ያሰናበተበት የመጀመሪያው ቀን ነበር።

የአገዛዙ ምላሽ ብዙም አልዘገየም። በ1992 ዓ.ም. ወደ አዳማ ተዛውሮ የነበረው የኦሮሚያ ዋና ከተማ ውጤቱ በተሰማ በሳምንታት ውስጥ ወደ አዲስ አበባ እንዲመለስ ተወሰነ። ሰኔ 1 ቀን ጥይት ተተኮሰ። ነሐሴ ላይ ተመራጮቹ ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ከንቲባ፣ ዶክተር አድማሱ ገበየሁን ምክትል አድርገው ሰየሙ። ነገር ግን ያ ምክር ቤት አንድም ቀን ሥራ ሳይጀምር ጥቅምት 1998 ደረሰ። ደም ዳግመኛ ፈሰሰ፤ መሪዎቹ ቃሊቲ ወረዱ። የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የሟቾቹን ሲቪሎች ቁጥር 193 ብሎ መዘገበ፤ ይህን በሐቅ የመዘገቡት ዳኛ ፍሬሕይወት ሳሙኤልና ዳኛ ወልደ ሚካኤል መሸሻ አገር ጥለው ተሰደዱ።

እዚህ ላይ ሳንነካው የማናልፈው አንድ ክርክር አለ። ቅንጅት ፓርላማውን ቢተወውም እንኳ ማዘጋጃ ቤቱን መረከብ ነበረበት ወይስ አልነበረበትም? ያኔ በውጭ አገር የሚሰማው ጩኸት በአብዛኛው «አትግቡ» የሚል ነበር። አገዛዙ የከተማዪቱን ገቢና ሥልጣን አስቀድሞ ሲሸራርፍ እየታየ ባዶ ጽሕፈት ቤት መረከብ ወጥመድ ነው የሚለው መከራከሪያ ቀላል አልነበረም። ሆኖም ጊዜ ባለፈ ቁጥር የሌላኛው ወገን ክርክር ሚዛን ይደፋል ብለን እናምናለን። የከተማ ምክር ቤት ፓርላማ አይደለም፤ ሥራው ውኃ፣ መንገድ፣ ቆሻሻ፣ ቤት፣ የንግድ ፈቃድ ነው። የ137 ሰዎች ስብሰባ በየሳምንቱ በሕዝብ ፊት ቢካሄድ፣ ገንዘብ ባይኖረው እንኳ፣ የአዲስ አበባ ሰው ምክር ቤት ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ ያየው ነበር። ያ ዕድል አልተደገመም።

ኢሕአዴግ ግን ከ1997 ትምህርት ወስዷል። በሚያዝያ 2000 የአካባቢ ምርጫ የእያንዳንዱን ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ወደ 300 ከፍ አድርጎ፣ በመላ አገሪቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ መቀመጫ ፈጠረ። ዋነኞቹ ተቃዋሚዎች በወጡበት ምርጫ ያን ሁሉ ወንበር የሞላው የራሱ ሰው ነበር። ቁጥሩን ብቻ ያየ የውጭ አጥኚ «እንዴት ያለ ሕዝባዊ ተሳትፎ!» ሊል ይችላል። ነገሩ ግን ነዋሪውን አባል፣ አባሉን ተቆጣጣሪ ማድረግ ነበር። ከለውጡ በኋላም መሠረቱ አልተናወጠም። በ2010 ክረምት ከምክር ቤቱ አባላት ውጭ የሆነ ሰው ከተማዪቱን እንዲመራ ሲባል ቻርተሩ ተሻሻለ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋና ወዳጆቹ በባልደራስ አዳራሽ ሕዝብ ሰብስበው የባለአደራ ምክር ቤት ሲያቋቁሙ፣ የመንግሥት ምላሽ ማስፈራራትና አዳራሽ መከልከል፣ በኋላም እስር ሆነ። በሰኔ 2013 ምርጫ ብልጽግና 138ቱንም መቀመጫ ወሰደ። የቀድሞው ምርጫ ከንቲባ ዶክተር ብርሃኑም በዚያው ዓመት ማግሥት የዚሁ መንግሥት የትምህርት ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ፤ ይህን ለአንባቢ ፍርድ እንተወዋለን። በ2016 የኮሪደር ልማት ተብሎ ፒያሳ ሲፈርስ፣ አያት ቅድመ አያቱ የኖሩበትን ቤት በቀናት ውስጥ ልቀቅ የተባለው ነዋሪ ቆሞ የሚናገርበት መድረክ አልነበረውም። ተቃዋሚ የሌለበት የ138 ሰዎች ምክር ቤት ግን ነበረ።

አሁን ወደ ፒዮሪያ እንመለስ። አውሮራ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1891 ዶናልድ ፍሌቸር በሚባል የመሬት ነጋዴ ሲሆን የመጀመሪያ ስሟም ፍሌቸር ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የብር ዋጋ ሲወድቅ ሰውየው ጥሎ ሄደ፤ ነዋሪዎቹ ለውኃ የተገባውን ዕዳ ታቅፈው ቀሩ። በ1907 የሰውየውን ስም ፍቀው አውሮራ አሏት። የምክር ቤት ሥራ እዚህ አገር የተጀመረው በታላላቅ መርሆዎች ሳይሆን እንዲህ ባለ የውኃ ዕዳ እንደ ሆነ ማወቁ ይጠቅማል። በ1974 የኮሎራዶ መራጮች ዴንቨር የጎረቤት ወረዳዎችን መሬት እንደ ልቧ እንዳትጠቀልል ሕገ መንግሥቱን አሻሻሉ፤ ማሻሻያው በአቀንቃኟ በፍሪዳ ፓውንድስቶን ስም ይጠራል። የዴንቨር መስፋፋት ተገታ፤ አውሮራ ግን ሰፋች፤ በ2020 ቆጠራ ነዋሪዋ ከ386 ሺህ በላይ ሆነ፤ ከአምስት ሰው አንዱ ገደማም በውጭ አገር የተወለደ ነው።

አውሮራ ከንቲባና አሥር የምክር ቤት አባላት አሏት፤ ስድስቱ በየቀጠናቸው፣ አራቱ በመላው ከተማ ይመረጣሉ። የዕለት ሥራውን የሚያካሂደው ምክር ቤቱ የሚቀጥረው የከተማ ሥራ አስኪያጅ ነው። ዴንቨር ደግሞ አሥራ ሦስት አባላት ያሉት ምክር ቤትና ብርቱ ሥልጣን ያለው ከንቲባ አላት። ሁለቱም ምክር ቤቶች የሚሰበሰቡት ሰኞ ነው። ሕዝቡ ራሱ በ1972 ድምፅ ሰጥቶ ባጸደቀው የክፍለ ግዛቱ ሕግ መሠረት ስብሰባው ክፍት መሆን፣ አጀንዳውም ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት መገለጥ አለበት።

ይህን ስንል ገነት አድርገን መሣላችን አይደለም። በነሐሴ 2019 ኤላይጃ ማክሌይን የተባለ የ23 ዓመት ወጣት በእግሩ ወደ ቤቱ ሲሄድ በአውሮራ ፖሊሶች ተይዞ፣ የድንገተኛ ሕክምና ሠራተኞች ኬታሚን ወግተውት ሞተ። ለወራት የሰማ አልነበረም። በ2020 ሕዝቡ አደባባዩንም የምክር ቤቱንም መድረክ ሲሞላው ምክር ቤቱ ገለልተኛ ምርመራ አዘዘ፤ ውጤቱ በየካቲት 2021 ወጣ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ከተማዪቱ ከክፍለ ግዛቱ ዐቃቤ ሕግ ጋር ፖሊሷን በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር ለማሻሻል ተስማማች። በግንቦት 2024 ደግሞ መሣሪያ ያልያዘው ኪሊን ልዊስ በፖሊስ ጥይት ተመታ፤ ቤተሰቡና ደጋፊዎቻቸው በየስብሰባው እየተገኙ አቤት ሲሉ ከረሙ። ምክር ቤቱ በ2025 ስብሰባውን በኢንተርኔት ብቻ ለማድረግ ወሰነ። ሕዝብን ከአዳራሽ የማራቅ ፈተና አገር አይመርጥም። ልዩነቱ እዚህ ያን የወሰኑት ሰዎች በየአራት ዓመቱ መራጩ ፊት መቅረባቸው ነው።

ወገናችንስ ከዚህ ሁሉ ፈጽሞ የራቀ ነውን? አይደለም። ከዴንቨር የታክሲ ሾፌሮች ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ነበሩ፤ ለባለ ኩባንያዎች በየሳምንቱ ከባድ ኪራይ እየከፈሉ ይነዱ ነበር። በ2008 ሕጉ ሲላላ ተደራጅተው የክፍለ ግዛቱ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ፊት ቀረቡ፤ ነባሮቹ ኩባንያዎች ተቃወሟቸው፤ እነርሱ ምስክርነታቸውን ሰጡ፤ በ2009 ዩኒየን ታክሲ የሾፌሮች የራሳቸው ኅብረት ሥራ ማኅበር ሆኖ ፈቃድ አገኘ። ማንም በደጅ ጥናት አልሰጣቸውም።

ከዚያም ኤች አር 128 አለ። የአውሮራ ኢትዮጵያውያን የያኔውን የምክር ቤት እንደራሴያቸውን ማይክ ኮፍማንን ደጋግመው እየጎበኙ፣ የኢትዮጵያን የሰብአዊ መብት ጥሰት የሚያወግዘው ውሳኔ እንዲቀርብ ወተወቱ። ውሳኔው በሚያዝያ 10 ቀን 2018 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። በዚያው ዓመት ኅዳር ኮፍማን ወንበራቸውን ተሸነፉ፤ በ2019 ደግሞ ለአውሮራ ከንቲባነት ተወዳድረው ኦማር ሞንትጎመሪን በ215 ድምፅ ብቻ በልጠው አሸነፉ። 215! ከሁለቱ እጩዎች የትኛው ይሻል ነበር የሚለው ሌላ ጉዳይ ነው። ለዋሽንግተን ውሳኔ ያን ያህል የደከመው ወገናችን፣ የገዛ ከተማው ከንቲባ በአንድ የሠርግ አዳራሽ በሚሞላ የሰው ቁጥር ሲወሰን የት ነበር ብሎ መጠየቅ ግን ተገቢ ነው።

አንዳንዱ «ዜግነት የለኝም፤ ምን አገባኝ?» ይላል። ድምፅ መስጠት የዜጋ መብት ነው፤ በዚህ ቀልድ የለም፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው ቢመዘገብ ራሱን ለከባድ አደጋ ያጋልጣል። መናገር ግን የነዋሪ መብት ነው። በአጀንዳው ላይ ስሙን ለከተማው ጸሐፊ ቢሮ ያስመዘገበ ነዋሪ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይሰጠዋል፤ መታወቂያው ታይቶ ስኳሩ አይቆረጥበትም። አስተርጓሚ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል። አውሮራ በ2015 የስደተኞችን ጉዳይ የሚከታተል ቢሮ አቋቁማለች፤ ለምክር ቤቱ ሐሳብ የሚያቀርብ የስደተኞች ኮሚሽንም አላት። በዴንቨር ደግሞ በከተማው የተመዘገበ የሰፈር ማኅበር በአካባቢው የቦታ አጠቃቀም ሊለወጥ ወይም የመጠጥ ፈቃድ ሊሰጥ ሲል ማስታወቂያ ይደርሰዋል። ዕድሮቻችን ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና የአባላት መዝገብ አላቸው፤ አንድ የሰፈር ማኅበር ከዚህ የተለየ ምን ያስፈልገዋል?

ምክር ቤቱ የማይችለውንም ማወቅ ይገባል። ከፒዮሪያ ጥቂት እርምጃ ርቆ በኦክላንድ ጎዳና የሚገኘው የስደተኞች ማቆያ በፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ሥር ነው፤ የአውሮራ ምክር ቤት ሊዘጋውም ሊከፍተውም አይችልም። ስለ አዲስ አበባም ሆነ ስለ ጎንደር የሚያወጣው መግለጫ ከወረቀትነት አያልፍም። የዴንቨር እህት ከተማ አክሱም፣ የአውሮራ እህት ከተማ አዳማ መሆናቸውም በአመዛኙ የወዳጅነት ሥነ ሥርዓት ነው። ሥልጣኑ የአፓርታማው ቤት ቁጥጥር፣ የውኃው ታሪፍ፣ የአውቶቡስ መጠበቂያው አካባቢ መብራት፣ የምግብ ቤቱ ፈቃድ፣ የፖሊሱ በጀት ነው።

ዜግነት ያገኘ ሰው በኮሎራዶ ለመመዝገብ እስከ ምርጫው ዕለት ድረስ ጊዜ አለው፤ ለተመዘገበ ሁሉ የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ቤቱ ድረስ ይላክለታል፤ ኩኪስና ቅናሽ ከሚያስተዋውቁት ወረቀቶች ጋር አብሮ እንዳይጣል መጠንቀቅና ፖስታው ላይ መፈረም ብቻ ነው የሚፈለገው። ዴንቨር ከንቲባዋንና ምክር ቤቷን የምትመርጠው በሚያዝያ 2027 ነው፤ አውሮራ በዚያው ዓመት ኅዳር።